ፊቱ ወደ ግድግዳ የሚዞረው ፖስተር

ለምወድህ ወንድሜ ለአስገር፣

ጤናህ እንዴት ነው? ጉልበትህስ? ብርዱ ሲጠና ደረጃ መውጣት እንደሚያስቸግርህ ሎርና በገና ካርዷ ላይ ጽፋልኝ ነበር፤ አሁን ትንሽ ቀለል ብሎልህ ይሆን? ሎርና ራሷ እንዴት ከረመች? ልጆችህስ፣ ኤሊንና ሲግነ? የሎርና እናት ዓይናቸውን ሊታከሙ ነበር፤ ማንበብ ጀመሩ? የካናዳው እርሻችሁ እስካሁን በረዶ እንደለበሰ እገምታለሁ። እዚህ በረዶው ሄዷል፤ ነፋሱ ግን የትም አልሄደም። እኔ ደህና ነኝ። የደም ግፊቴ አላስቸገረኝም፤ ያስቸገረኝ ቁጭ ብሎ መሥራት አለመቻሌ ነው። ይችን አንቀጽ እስክጨርስ እንኳ ሁለት ጊዜ ተነሥቼ መስኮቱን ከፍቼ ዘግቻለሁ። ምክንያቱን በቅደም ተከተል እጽፍልሃለሁ። አንተም በቅደም ተከተል አንብብልኝ። ልጅ ሳለህ መጽሐፍ ከመጨረሻው ገጽ ትጀምር ስለነበር ነው አደራ የምልህ።

በስልክ ልነግርህ ሞክሬ ነበር። የጀልባችንን የ«አሊዳ»ን ስም ገና ስጠራ መስመሩ ይቆራረጣል ብለህ ዘጋኸው። መስመሩ ደህና ነበር። ስለዚህ ወረቀት መረጥኩ፤ ወረቀት መሀል ላይ አይዘጋም።

ከመምህርነት ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ የሲኒማ አዳራሻችንን ጉዳይ የምከታተለው እኔ እንደሆንኩ ታውቃለህ። ደመወዝ የለውም፤ ሁላችንም በበጎ ፈቃድ ነው የምንሠራው። ፊልሙን የሚያጫውተው ቪጎ ነው፤ የዓሣ ጨረታ ይመራ የነበረው ያው ቪጎ። አሁንም ሲናገር ዋጋ የሚጠራ ይመስላል። አምና ደግሞ ቶርበንና ሪኬ ክሊንትሆልም ወደዚህ መጥተው ከወደባችን ጀርባ ቤት እንደተከራዩ ጽፌልህ ነበር። ባልና ሚስት ናቸው፤ እሷ ትጽፋለች፣ እሱ ዳይሬክተር ነው። ያልተሸለሙበት አገር ጥቂት ነው ይባላል። ሥራቸው ጭካኔ ያለበት ነው፤ ሙዚቃ የለ፣ የፊት ቀለም የለ፣ ሰው ሲያለቅስ ንፍጡ ሁሉ ይታያል። ስለ አንድ ጀልባ መስጠም ፊልም ሊሠሩ መምጣታቸውን ስነግርህ በአንድ መስመር ነበር የመለስክልኝ፤ «የፈለጉትን ይሥሩ» ብለህ። እኔም ያንኑ ነገርኳቸው።

ፊልሙ አልቋል። ርእሱ «አንዱ ተመለሰ» ይባላል። የአንተም የጀልባችንም ስም የለበትም፤ ሆኖም እዚህ ማንን እንደሚያሳይ የሚጠፋው ሰው የለም። ጀልባ በማዕበል ይገለበጣል፤ ካፒቴኑን ሌላ ጀልባ ያወጣዋል፤ አብሮት የነበረው ወጣት ይቀራል። ቶርበንና ሪኬ ከኮፐንሃገን በፊት እዚህ እኛ አዳራሽ እንዲታይ ፈለጉ። የሚያስተዋውቅ ሰው ያስፈልግ ስለነበር ከዋና ከተማ ሴሲሊያ የምትባል ልጅ ላኩልን። ሥራዋ ፊልም ማስተዋወቅ ነው። ፈጣን ናት፣ ብዙ ትጠይቃለች፣ መልሱን ሳትሰማ ግን ወደ ሌላ አትሄድም። ተማሪዬ ብትሆን ፊት ወንበር ላይ ነበር የማስቀምጣት።

መጀመሪያ በፊልሙ ውስጥ ለታዩት የአገራችን ሰዎች ብቻ አሳየን። አዳራሹ ሞላ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሳለ ሰው የለም፤ በዚህ ወር ያለ ሳል መቀመጥ እዚህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቀዋለህ። ሲያልቅ ሴሲሊያ መውጫው በር ላይ ቆማ እንዴት አገኛችሁት እያለች ትጠይቅ ጀመር፤ ከመልሶቹ መርጣ ፖስተር ላይ ልታትም ነው። ግሬቴ ባለሱቋ «አይከፋም» አለቻት። ዓሣ በጭስ የሚያደርቀው ነጋዴ ሚስት «ወንበሩ ነው እንጂ የጎዳኝ፣ ሌላው ምንም አይል» አለች። ቪጎ ከላይ ከማጫወቻው ክፍል ወርዶ «እኔ ያየሁት ሁሉ ከዚህ የባሰ ነበር» አላት። የወደቡ ኃላፊ ደግሞ መሀረቡን ኪሱ ከትቶ፣ ዓይኑ ገና ቀይ እንደሆነ፣ ጥቂት አሰበና «ርዝመቱ ልክ ነው» ብሎ ወጣ።

ልጅቱ ፊቷ ጠቁሮ ወደ እኔ መጣች። «ጠልተውታል እኮ፤ ጨርሶ ነው የጠሉት» አለችኝ። እዚህ አገር «አይከፋም» ከተባለ ከዚያ በላይ የሚባል ነገር እንደሌለ ነገርኳት። የወደቡ ኃላፊ ልጁን ሲድር እንኳ ይህን ያህል እንዳልተናገረ ጨመርኩላት። «ታዲያ ፖስተሩ ላይ ምን ልጻፍ? ርዝመቱ ልክ ነው ልበል?» አለች። «ብትዪ እዚህ ያለ ሰው በሙሉ ይመጣል፤ ኮፐንሃገን ግን ማንም አይመጣልሽ» አልኳት። ሳቀች። አሳተመችውም፤ ለእኛ አገር በተለየው ፖስተር ግርጌ ላይ ያው ቃል ከነተናጋሪው አለ።

አሁን ወደ ፖስተሩ ልምጣ። ቀጥሎ የምጽፈው ሁሉ ከሥዕሉ የተነሣ ስለሆነ ሥዕሉን በደንብ ልንገርህ። ጎሕ ሲቀድ ነው። ከወደቡ ወደ ላይ የሚወጣው መንገድ ይታያል። ላስቲክ ልብስ የለበሰ ትልቅ ሰው ከጀርባው ይታያል፤ እየሄደ ነው። በግራው መብራት የበራበት መስኮት አለ፤ መጋረጃው ላይ ቆማ የምትጠብቅ ሴት ጥላ ይታያል። ሰውዬው ወደ መስኮቱ አልዞረም፤ አልፎ እየሄደ ነው። ከበላዩ በትልቁ «እውነት፣ ያለ ምንም መሸፋፈን» ይላል። በፊልሙ ውስጥ እነ ቶርበን በጣም የሚኮሩበት ቦታ ይህ ነው፤ ካፒቴኑ የሟቹን እናት ፊት ማየት አቅቶት ቤቷን አልፎ ሲሄድ።

ፖስተሩን በበረዶ ማምረቻው፣ መረብ በሚጠገንበት ቤት፣ በሐኪም ቤቱና በግሬቴ ሱቅ አደረግኩ። አዲሷ ቄስ ለቤተ ክርስቲያኑ ሁለት ወሰደች። የግሬቴ በወፍራም ካርቶን ላይ የተለጠፈ ነበርና ዳቦው መደርደሪያ ጎን መሬት ላይ አቆምነው። በማግስቱ ስሄድ ፊቱ ወደ ግድግዳ ዞሯል። መልሼ አዞርኩት። በሚቀጥለው ቀንም እንዲሁ። ግሬቴን ስጠይቃት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ቦዲል ናት። ለዳቦ ስትመጣ ታዞረዋለች። እኔ ምን ልበላት?» አለችኝ።

አብሮህ የነበረውን ልጇን ዬፔን ባሕር ከነጠቀን ወዲህ ቦዲል እንዴት እንደሆነች አልጻፍኩልህም፤ አንተም ስለ ልጇ አንሥተህ፣ ስለ እሷም ጠይቀኸኝ አታውቅም። አርጅታለች፤ ዳሌዋ ያማታል፤ አትክልቷን ግን ራሷ ነው የምትኮተኩተው። ለቅድሙ ትርኢት ጠርቻት አልመጣችም። እኔም ፖስተሩን ለምን እንደምታዞር አልጠየቅኳት። እሷ ታዞራለች፣ እኔ እመልሳለሁ፤ እዚያው ሱቅ ውስጥ ስንገናኝ ደግሞ ስለ ነፋሱ እናወራለን። ባሕር ሰው የወሰደበት ቤት ምንም እንደማይጠየቅ አንተ ታውቀዋለህ። ዓሣ ይዘህ ትሄዳለህ፣ ኬክ ይዘህ ትሄዳለህ፣ ስለ አየሩ ታወራለህ፣ ትመለሳለህ። እኛን ሲያሳድጉን ቀን በቀን ካስተማሩን ነገር አንዱ ይህ ነው።

ለሴሲሊያ ግን ይህን ያስተማራት የለም። ባለፈው ሐሙስ ከእኔ ጋር ሱቅ ገብታ ሳለ ቦዲል ዳቦዋን በብብቷ ይዛ ፖስተሩን ስታዞር አየቻት። ቀጥ ብላ ሄደችና «ይቅርታ እናቴ፣ ለምንድን ነው የሚያዞሩት?» አለቻት። ግሬቴ የዳቦ መቁረጫውን ማሽን አጠፋች። ቪጎ ሄሪንግ ዓሣ እየመረጠ ነበር፤ እጁ እዚያው ቀረ። እኔ የልጅቱን እግር ልረግጥ ተጠጋሁ።

ቦዲል ግን ያልተቆጣ ሰው በሚመልስበት አነጋገር «ውሸት ስለሆነ ነዋ» አለች። ልጅቱ ፊልሙን አይተውታል ወይ ስትላት፣ «እኔ ፊልም አላየሁም። የማየው ይሄን ሥዕል ነው። ይሄ ሰውዬ አልፎ እየሄደ ነው። አስገር አላለፈም። አስገር ገብቷል» አለች።

አስገር፣ ቃሏን ሳልጨምር ሳልቀንስ ነው የምጽፍልህ። «ከወደብ ቀጥታ ነው የመጣው። ቤቱ እንኳን አልሄደም። ቦቲውን ሳያወልቅ ወጥ ቤቴ መሀል ቆመና ውኃው ከልብሱ እየተንጠባጠበ ነገረኝ። ቄሱ ሲመጡ እኮ እኔ ወለሉን እየወለወልኩ ነው ያገኙኝ» አለች።

ቪጎ ጮክ አለ፤ ጨረታ ላይ የነበረው ድምፁ መጣበት። «አንቺ ሴትዮ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ምነው አፍሽን ያዝሽ ታዲያ?» አላት። «ማን ጠየቀኝ?» አለችው። «አንተ ራስህ ስንቴ መጣህ? በጭስ ያደረቅከውን ዓሣ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠህ ምዕራቡ ነፋስ ነገ ይበርዳል ስትለኝ አልነበር? እሱ ነግሯችሁ ሁላችሁም የምታውቁ መስሎኝ ነበር።» ቪጎ ሄሪንጉን ሳይገዛ ወጣ።

ነገሩ እንዴት እንደተበላሸ በኋላ ተቀምጬ ደረስኩበት። መረብ ጠጋኙ ክረስተን በዚያ ማለዳ ከቦዲል አጥር በላይ፣ ጀርባህን ለቤቷ ሰጥተህ ስትሄድ አይቶሃል፤ ያየውን አወራ። አጥሩ ውስጥ ገብተህ የወጣህ ስለመሆንህ አላሰበም፤ ምክንያቱም መርዶ የሚነግረው ቄሱ ነው፤ ከቄሱ ቀድሞ የሚገባ ሰው እዚህ ታይቶ አይታወቅም። ነፍሳቸውን ይማርና ቄሱም ቦዲልን ማን ነገረሽ ብለው አልጠየቋትም፤ ያን ጠዋት የሚጠየቅ ነገር አልነበረም። አንተ ደግሞ እኔ ሄጃለሁ ብለህ ብትናገር ራስህን ማመስገን ሆነብህ። ከሁሉ የከበደኝ ይህ ነው። እኔ እኅትህ በዓይነ ኅሊናዬ በዚያ መስኮት ሥር ያሳለፍኩህ ስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። ሰዉ ሰላምታ ሲነሣህ፣ በወደቡ ከአንተ ጋር የሚወጣ ሲጠፋ፣ ባሕር በማይታይበት አገር መሬት ስትገዛ፣ ምክንያቱ ይሄው መስኮት ነበር።

ሴሲሊያ ያንኑ ቀን ደወለችላቸው፤ ቶርበንና ሪኬ በማግስቱ መጥተው ቦዲል ወጥ ቤት ተቀመጡ። እኔም ነበርኩ። ቶርበን ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ሥራው የተነካበት ሰው ነው። «ይሄ ፊልም ነው እንጂ የፖሊስ ሪፖርት አይደለም። ሰው የሚሰበረው እዚያች ቦታ ላይ ነው» አለ። ቦዲል «ይሰበር፤ በእሱ ግን አይሁን» አለችው። ሪኬ ወደ ባሏ ዞራ፣ «በየጋዜጣው እውነት ነው፣ አልሸፋፈንም እያልን ነው ሰው የምንጠራው። የተሸፋፈነው እኛ ጋ ከሆነ ምን ልንል ነው?» አለችው። ቶርበን ተነሥቶ አትክልቱ ውስጥ ሲዞር ቆየ። ተመልሶ ሲገባ ያለው ይህን ነው፤ የፈጠርነውን በአንድ ሰው ቃል ብቻ አላፈርሰውም፤ እዚያ ወጥ ቤት ውስጥ የነበሩት ሁለት ናቸው፤ ሁለተኛውም ይናገር። ብዙ ባልወደውም ትክክል ነው።

ምን ብለህ እንደነገርካት ሪኬ ቦዲልን ጠየቀቻት። «የእኔ የሆነውን ነግሬያችኋለሁ፤ ገባ። ያለው ግን የራሱ ነው» አለች።

ስለዚህ ያለው ነገር እንዲህ ነው። ገብቻለሁ፣ አሳዩት ካልክ፣ ያቺን ቦታ ቆርጠው ይጥሉና በምትኳ ወጥ ቤቱን ይቀርጻሉ። ገብቻለሁ፣ እንዲታይ ግን አልፈልግም ካልክ፣ ማለፉ ይቆረጣል፣ በምትኩ ምንም አይገባም፤ ሰውዬው ከወደብ ሲወጣ ይታያል፣ ቀጥሎ ቄሱ ሲገቡ ሴትዮዋ ወለል ስትወለውል ይታያል፤ ሪኬ ይህም በቂ ነው ብላለች። ዝም ካልክ ግን ፊልሙ እንዳለ ይወጣል። በየከተማው በየቋንቋው ያን መስኮት አልፈህ ትሄዳለህ፤ ያየም ሁሉ እውነት ነው ብሎ ወደ ቤቱ ይገባል። ጊዜው አጭር ነው። አንተን ሆኖ የተጫወተው ሰው ለሌላ ፊልም ጢሙን ሊላጭ ነው፤ እስከዚህ ወር መጨረሻ ብቻ እንዲያቆየው ሪኬ ለምናዋለች። የአገር ነገር አንዳንዴ በአንድ ሰው ጢም ላይ ይንጠለጠላል።

እኔ በበኩሌ አዳራሹን ዘግቻለሁ። ለኤፕሪል የተያዘውን ቀን ሰርዤ ፖስተሮቹን ሁሉ ሰበሰብኩ። አንዱን ብቻ ረስቼ ነበር፤ ሐኪም ቤት ያለውን። ትናንት በዝናብ ሄጄ አነሣሁት። ከዚያ ወዲህ ምን እንደምሠራ አላውቅም። ወደ ወደብ እወርዳለሁ፣ ምንም ሳልገዛ ሱቅ እገባለሁ፣ የፊልሙን ማስታወቂያ ጽሑፍ ነጠላ ሰረዝ እያወጣሁ እያስገባሁ አርማለሁ።

አገሩም እንደ እኔ መቀመጫ አጥቷል። ክረስተን ኮፍያውን ይዞ ደጄ ላይ ቆመና «እኔ ያየሁትን ነው ያልኩት፤ ከአጥሩ በላይ ነው ያየሁት» አለኝ። አዎ አልኩት። ሊሄድ ዞረና ተመልሶ ልጆች አሉት ወይ ብሎ ስለ አንተ ጠየቀኝ። ሁለት ሴቶች አልኩት። «አይከፋም» ብሎ ሄደ። ሰዉ መጠየቅ ጀምሯል። ግሬቴ ቦዲልን ዳሌሽን እንዴት ነው ብላት እስከ ምሳ ሰዓት መልስ ስትሰማ ዋለች፤ ሁለተኛ አልጠይቃትም ትላለች።

እኔም ልጠይቅህ። መምህር ሆኜ ስንት ሺህ ጥያቄ እንደጠየቅኩ አላውቅም፤ መልሱን ሳላውቅ የጠየቅኩት ግን ጥቂት ነው። ቦዲል ቤት ገብተህ ምን አልካት? ለፊልሙ ብቻ ሳይሆን ለእኔም ንገረኝ። ለፊልሙ አትስጪ ካልከኝ ለማንም አልሰጥም። በስልክ ከቀለለህ ደውል፤ መስመሩ ተቆራርጧል ብለህ ብትዘጋ ደግሞ እኔ መልሼ እደውላለሁ።

ከዚህ በላይ ማስረዘም አልችልም። ቦዲል መጥታለች። ኮቷን ሳታወልቅ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች፤ ለእኔ ብትተወው አራተኛ ጊዜ ልገለብጠው እንደምችል ስላወቀች ደብዳቤውን ራሷ ፖስታ ቤት ልታደርስ ነው። «በቃሽ፣ ሰላም በይውና ዝጊው» እያለችኝ ነው።

ለሎርና ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ የላከችው ሹራብ ልኬ ነው። ለኤሊን፣ የአጻጻፍ ስሕተቷ እየቀነሰ መሆኑን ንገርልኝ፤ አያቷ ማን እንደነበር የጠየቀችኝን ለብቻው እጽፍላታለሁ። ሲግነን ሳምልኝ፤ ፈረሷ ተሻለው? ለሎርና እናት፣ ዓይናቸው በርቶ ከሆነ፣ እንኳን ብርሃንዎ ተመለሰ በልልኝ። ቪጎ ሰላም ብሎሃል፤ ግሬቴም እንዲሁ፤ የወደቡም ኃላፊ። ቦዲልን የምትልኪው ሰላምታ አለ ወይ አልኳት። አድራሻውን በደንብ ጻፊ አለችኝ።

እኅትህ ዳግኒ

ሊለስትራንድ፣ ምዕራብ ጁትላንድ
ማርች 4 ቀን 2013